ለአህያ መሪ

ከዚራ ልጅ፦ ትናንት ማታ በቮይስ የተላከችውን ነገር ዛሬ ሻይ ይዤ ሁለቴ ሰማኋት፣ በሁለተኛው ይበልጥ አናደደችኝ። «ስምንት ቢት ኮምፒውተር ላይ ሃርድ ዲስክ መግጠም ለአህያ መሪ መግጠም ነው» ትላለች። አቦ ምን ማለት ነው? ብር ያዋጣነው የአብዱን አባት ሰኽር (ኤምኤስኤክስ የሚባለው ዓይነት የድሮ ኮምፒውተር ናት) አስነስተን ለሰፈር ልጆች ልናሳይ ነው። የተጠየቀው ደግሞ አንድ አይዲኢ ካርትሪጅ (ዲስክ ማገናኛ) ነው፣ ስሎቱ ላይ ይሰካል ይነቀላል፣ ብየዳ የለው ምን የለው። አህያ ከየት መጣች?

ሸዋ በር፦ ከኔ መጣች። ስሜን ጥራ እንጂ ምን «የተላከች» ትላለህ። አሁንም እደግመዋለሁ። ያቺ ኮምፒውተር በካሴት ነው የኖረችው፣ ቴፑን ትሰካለህ ትጽፋለህ ፕሌይ ትላለህ፣ ያን ጩኸት እየሰማህ ትጠብቃለህ። እሱን ካወጣህላት የቀረው ቤትህ ያለው ላፕቶፕ ነው፣ ለዛውም የሚንቀራፈፍ።

ገንደቆሬ፦ ጠብቀህ ታውቃለህ ግን? በ1200 ቦድ 32 ኪሎባይት ጌም 5 ደቂቃ ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ኤረር ይልሃል፣ ካሴቱን አጠንጥነህ ሄዱን በአልኮል ጠርገህ ከዜሮ። ቲክቶክ የለመደ ልጅ አምስት ደቂቃ ይቆምልኛል ብለህ ነው?

ሸዋ በር፦ ይቁማ። እኛ ቆመን አድገናል።

ለገሃር፦ አንተማ እስካሁንም እንደቆምክ ነህ 😂

ከዚራ ልጅ፦ እሺ በቁም ነገር። ሃርድ ዲስክ ለስምንት ቢት ባዕድ ነገር አስመሰልከው። ሲጌት ኤስቲ 506 የሚባለውን ሃርድ ዲስክ በፈረንጅ 1980 አወጣ፣ 5 ሜጋባይት። አፕል በ1981 ፕሮፋይልን ለአፕል 3 አደረገ፣ እሱም 5 ሜጋ፣ አፕል 3 ደግሞ ስምንት ቢት ነው። ለኮሞዶር 64 ሌተናንት ከርነል የሚባል ሃርድ ዲስክ ነበረ። ኤምኤስኤክስ ራሱ የመጣው በ1983 ነው። አህያዋ ሳትወለድ መሪው ነበረ ማለት ነው!

ሸዋ በር፦ ለማን ነበረ? ድሬ ላይ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ያወራሁት እዚህ ስለነበረችው ሰኽር ነው፣ ከጅቡቲ በባቡር ከሩዝና ከጨርቅ ጋር ተጠቅልላ ስለገባችው። እሷ ዲስክ አታውቅም። አይዲኢ ደግሞ የ1986 ነገር ነው፣ እሷ ወጥታ ስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚራ ልጅ፦ በሶስት አመት ነው እንዲህ የምታብደው? ባጃጅህ ላይ የሰቀልከው ስፒከር ከባጃጁ በስንት አመት ያንሳል?

ሸዋ በር፦ ባጃጄ ቅርስ ነው አልኩህ?

ገንደቆሬ፦ መጣች። «ቅርስ» እስክትል ስጠብቅ ነበር።

ሸዋ በር፦ አዎ ቅርስ! ጀጎልን ዩኔስኮ በፈረንጅ 2006 ሲመዘግበው በሮቹን አውቶማቲክ አድርጉት አላለም።

ለገሃር፦ ባክህ እናንተ ቤት ግድግዳው ላይ ከሰፌዱ ጎን ፍላት ስክሪን የሰቀለው ዩኔስኮ ነው?

ሸዋ በር፦ በሚስማር ነው የሰቀልነው፣ ይነቀላል።

ከዚራ ልጅ፦ እኮ!!! ካርትሪጁም ይነቀላል! ራስህ አመንክ። ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

ሸዋ በር፦ አድርግ። ባቡር ሲገባ በፈረንጅ 1902 የተቆረቆረች ከተማ ስለ ቅርስ ለሐረር ሰው አታስተምርም።

ለገሃር፦ ወርያ በሰላም ነው? ሃርድ ዲስክ ላይ ነበርን እኮ።

ጋሽ ጥገና፦ ልጆች ሁላችሁም ስለ አህያ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ስለ ፓወር የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የኤምኤስኤክስ ስሎት በ5 ቮልት የሚሰጠው 300 ሚሊአምፒር ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ወደ 1 አምፒር ይጠጣል፣ የዴስክቶፑ ደግሞ ከዛ ላይ 12 ቮልት ይፈልጋል። ያንን ከስሎቱ ከጎተታችሁ ያን ሁሉ አመት የተቀመጠ ካፓሲተር በግንቦት የድሬ ሙቀት ጢሱን ያሳያችኋል። ኮሞዶር ያላችሁም ካላችሁ፣ የድሮው አዳፕተሩ ሲበላሽ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ነው ራሙን የሚያቃጥለው፣ ሳትለኩ አትሰኩ። እኔ የምቃወመው ዲስኩን አይደለም፣ ጥድፊያውን ነው።

ገንደቆሬ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን የሚሽከረከር ዲስክ እናስገባ ያለ ሰው የለም፣ ሲኤፍ የሚባል ሚሞሪ ካርድ ነው የሚገባው። ለኮምፒውተሩ ልክ እንደ አይዲኢ ዲስክ ነው የሚመልስለት፣ የሚበላው መብራት ደግሞ እዚህ ግባ አይባልም። ሌላ ጥሩ ነገርም አለው። አይዲኢ ዳታውን በ16 ቢት ነው የሚወረውረው፣ የሰኽሯ ፕሮሰሰር ዜድ 80 የሚቀበለው ደግሞ በ8። ለተራ ዲስክ ግማሹን ይዞ የሚያቆይ ላች መጨመር አለብህ፣ ሲኤፍ ግን በ8 ቢት ስራ ሲባል ይሰራል፣ ወረዳው ቀለለ ማለት ነው። ኧረ ሰርኪቱ ለማለት ነው ኪቦርዱ ገደለኝ።

ሸዋ በር፦ ቆይ ቆይ። ሃርድ ዲስክ አይደለም ማለት ነው?

ገንደቆሬ፦ ነው።

ሸዋ በር፦ አይሽከረከርም አልሽ እኮ። የማይሽከረከር ሃርድ ዲስክ ምን የሚሉት ነው፣ ፍላሽ ነው በቃ። ስለዚህ እኔ ትክክል ነበርኩ፣ እናንተ ሃርድ ዲስክ እያላችሁ ብር ሰብስባችሁ ካሜራ ውስጥ የሚገባ ካርድ ልትገዙ ነው።

ከዚራ ልጅ፦ ለኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ነው! ማስተር ስሌቭ አለው፣ ሴክተር አለው፣ ፓርቲሽን ይሰራለታል! ዜድ 80ው ገብቶ ይሽከረከር አይሽከረከር አያይ!

ለገሃር፦ ስለዚህ ለአህያዋ መሪ አልተገጠመላትም። የመሪ ፎቶ ነው የተለጠፈባት።

ሸዋ በር፦ 👏👏 ድሬ አንድ ሰው አላት።

ከዚራ ልጅ፦ ለገሃር አንተ ከማን ጋር ነህ?

ለገሃር፦ እኔ ከአህያዋ ጋር ነኝ።

ጋሽ ጥገና፦ ካርዱ ስንት ነው የተገዛው?

ከዚራ ልጅ፦ ገና አልተገዛም ጋሼ፣ ታይዋን ተራ 8 ጊጋ አይቻለሁ፣ ባለሱቁ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ በርካሽ ይሰጠናል።

ሸዋ በር፦ 8 ጊጋ!! የዲስክ ሲስተሟ ኤምኤስኤክስ ዶስ እኮ ፋይል የሚይዘው በፋት 12 ነው፣ አንዱ ፓርቲሽን ከ32 ሜጋ አያልፍም። ቀሪውን ምን ልታደርጉበት ነው፣ ጫት ልትጠቀልሉበት?

ገንደቆሬ፦ የዶሱን ማሻሻያ ኔክስቶርን ከጫንክ ፋት 16 ያነባል፣ እስከ 4 ጊጋ ፓርቲሽን።

ሸዋ በር፦ ኔክስቶርሽ ለእሱ 128 ኪሎ ሚሞሪ ማፐር ይፈልጋል። ሰኽሯ አላት? የላትም። እንግዲህ ዲስክ ለማስገባት ራም ልንጨምር ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ስሎት፣ ሌላ ብር። መሪ ገጠማችሁ፣ አሁን ጎማ፣ ነገ ኮድ 3 ታርጋ ልታወጡላት ነው። አህያዋ ግን የት አለች?

ገንደቆሬ፦ እሺ 32 ሜጋ ይሁን። የኤምኤስኤክስ ፍሎፒ 720 ኪሎ ነበር፣ 32 ሜጋ ማለት አርባ ምናምን ፍሎፒ ነው። ለዛች ማሽን የተሰራ ጌም አብዛኛው ከ32 ኪሎ አያልፍም፣ ሺህ ያህል ይገባበታል። ማን 8 ጊጋ ሙላ አለህ? ፍጥነቱም ቢሆን ካርዱ የቱንም ያህል ይፍጠን፣ ዜድ 80 በተለመደው ሉፕ በሰከንድ 150 ኪሎ ገደማ ነው የሚጎትተው፣ ላፕቶፕ አትሆንብህም አትፍራ። 32 ኪሎውን ግን ገና ሳትቀመጥ ትጭናለች።

ሸዋ በር፦ የካሴቶቹስ ጌም? የአብዱ አባት ካሴቶች ሙሉ ካርቶን ናቸው። ያለ ዲስክ ቤዚክ ሲነሳ 28815 ባይት ነጻ ይልሃል። የዲስክ ሮሙ (ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ዲስኩን የሚያሰራው ፕሮግራም) ሲገባ ወደ 23 ሺህ ምናምን ይወርዳል፣ ለራሱ ቦታ ይቆርጣላ። ያኔ ግማሹ የካሴት ጌም ግጥም ብሎ ይቆማል። ይሄን ማንም አላነሳም፣ ምክንያቱም ማናችሁም ካሴት ጭናችሁ አታውቁም።

ጋሽ ጥገና፦ ይሄስ እውነት ነው።

ከዚራ ልጅ፦ እውነት ነው፣ መልስ ግን አለው፣ መልሱም ከ80ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ስታስነሳ ሺፍት ተጭነህ ያዝ፣ የዲስክ ሮሙ ይተኛል፣ ባይቶችህ ይመለሳሉ፣ ካሴትህን ጫን። ለልጆቹ በዲስክ፣ ለሸዋ በር በካሴት። አንድ ቁልፍ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ የተሰደብነው በአንድ ሺፍት ነው።

ገንደቆሬ፦ 🔥 አለቀ።

ለገሃር፦ አህያዋ ማርሽ አላት ማለት ነው።

ሸዋ በር፦ አላለቀም። እሺ ይሁን ብል እንኳ ብሩ መጀመሪያ ለጋሼ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ከዚራ ልጅ፦ «እሺ ይሁን» አለ! ጻፉልኝ!

ሸዋ በር፦ «ብል እንኳ» የምትለዋን ለምን ቆረጥካት?

አብዱ፦ ሰላም ጀመዓ፣ ስራ ላይ ነበርኩ አሁን ነው ያነበብኩት። ሳክር ስትሉ ለነበራችሁ ሰኽር ነው፣ አለት ማለት ነው፣ የኩዌት ስም ነው።

ገንደቆሬ፦ ማንም ሳክር አላለም አብዱዬ።

አብዱ፦ በቮይሱ ብሏል። ሌላ ደግሞ፣ ሺፍቱ አይሰራም።

ከዚራ ልጅ፦ የቱ?

አብዱ፦ የግራው።

ከዚራ ልጅ፦ በቀኙ ነዋ ታዲያ።

አብዱ፦ ቀኙም።

ሸዋ በር፦ 😂😂😂😂😂

ጋሽ ጥገና፦ ሁለቱ ሺፍት ለኮምፒውተሩ አንድ ቁልፍ ናቸው፣ አንድ መስመር ላይ ነው ያሉት። ከታች ሜምብሬኑ ሄዶ ይሆናል። የፈሰሰባት ነገር አለ?

አብዱ፦ ሻይ። የበርጫ ሻይ፣ ስኳሩ ከነነፍሱ። አባቴ በህይወት እያለ ነው።

ሸዋ በር፦ ይኸው፣ ብሩ ለኪቦርድ። መሪው ይቅርና መጀመሪያ ለአህያዋ እግር ፈልጉላት።

ገንደቆሬ፦ ማን ነው ያፈሰሰባት ግን?

አብዱ፦ ከዚራ ልጅ ይንገራችሁ።

ለገሃር፦ ኧረ?

ገንደቆሬ፦ ኧረ???

ከዚራ ልጅ፦ መብራት ሄዷል፣ ስልኬ 4 ፐርሰንት ነው፣ ማታ እናወራለን።