የጋራ ፕሮፖዛል፦ ጨውና አልካላይን ዘይት አምራች አልጌን ምን ያደርጉታል?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጨው ዘይት በሚያጠራቅም አልጌ (በውሃ ውስጥ በሚያድግ ጥቃቅን ተክል መሰል ፍጥረት) ላይ ምን እንደሚያደርግ የምንፈትንበትን ረቂቅ አይታችሁታል። ርዕሱ «የጨው ጫና በአልጌ ዘይት ላይ» ነው። የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ እዚሁ ጻፉ።

ውሃ ኬሚስትሪ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና የሙከራው አሠራር ውሃ አያነሳም። አልጌው ወደሚያድግበት ፍላስክ (የሙከራ ጠርሙስ) የምንጨምረው ሶዲየም ባይካርቦኔት (የመጋገሪያ ሶዳ) ነው። እሱ ሲገባ ሶዲየሙም፣ አልካላይነቱም (አሲድን የሚያመክነው ባሕርይ)፣ ካርቦኑም አብረው ይገባሉ። ዘይቱ ቢጨምር የትኛውን ልናመሰግን ነው? እኩል ሶዲየም ያለው ተራ ጨው የገባበት ፍላስክ ይኑር። ሶዲየም ሳይጨመር ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ብቻ ከፍ ብሎ በበፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚይዝ ውህድ) የተያዘ ሌላም ይኑር።

እርባታ፦ እስማማለሁ። እኔን የከነከነኝ «የዘይት መቶኛ» የሚለው መለኪያ ነው። ክሎሬላ ቩልጋሪስ የተባለው አልጌ ጨው ሲበዛበት መከፋፈሉን ያቀዘቅዛል፤ ካርቦኑን ትራይግሊሰራይድ በሚባለው የዘይት ዓይነት መልክ ማጠራቀም ይጀምራል። መቶኛው ያምራል፣ አልጌው ግን የለም! እስቲ አስቡት፦ በሊትር 1 ግራም አልጌ 20 በመቶ ዘይት ቢኖረው 200 ሚሊግራም ነው። 0.4 ግራም አልጌ 40 በመቶ ቢኖረው 160 ብቻ። በሊትር በቀን እንለካ። መጀመሪያ እናሳድግ፣ ጫናውን ከዚያ እናምጣ።

ትንተና፦ ዱናሊየላ ሳሊና የምትባለው ጨው ወዳድ አልጌም ትግባ። ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ የላትም። ጨው ሲበረታ ግሊሰሮል እያመረተች የውስጥና የውጭ ግፊቱን ታመጣጥናለች። ግሊሰሮል ደግሞ ዘይት አይደለም። ስለዚህ ጨው የወደደ ሁሉ ዘይት ይሰጣል የሚለውን ግምት ትፈትንልናለች።

ውሃ ኬሚስትሪ፦ ጥሩ ሐሳብ። ስለ ፒኤች ደግሞ፣ በ1990 የወጣ የክሎሬላ ጥናት ከፍተኛ ፒኤች የሕዋስ ክፍፍልን ሲያግድ ትራይግሊሰራይድ እንደሚጠራቀም አሳይቷል፤ ናይትሮጅን ማለቁ ግድ አልነበረም። ግን ወጥመድ አለ። ፒኤች ሲወጣ ፎስፌት ከካልሲየም ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል። ፍላስኩ ስር ነጭ ነገር ካያችሁ አልጌው የፎስፈረስ ረሃብ ይዞት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን «የፒኤች ውጤት» ብለን እንጽፈዋለን። ለአልጌው ናይትሮጅን ስንሰጥም በአሞኒየም ፈንታ ናይትሬት እንጠቀም። ፒኤች ከ9.25 ካለፈ የአሞኒየሙ አብዛኛው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ እሱ መርዝ ነው።

ትንተና፦ እሺ፣ የሟሟውን ፎስፌት በየናሙናው እለካለሁ። ናይል ሬድ በተባለ የዘይት ማቅለሚያ የተቀለመ ሕዋስ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የዘይት ጠብታዎቹ ወርቃማ ሆነው ያበራሉ፣ ክሎሮፊሉ ይቀላል። ዓይን ይማርካል። ሆኖም ቀለሙ ወደ ሕዋሱ የሚገባው እንደየዝርያው ግድግዳ ስለሆነ ዝርያን ከዝርያ ለማወዳደር አላምነውም። መጠኑን በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ውህዶችን ለያይቶ በሚለካ ዘዴ) እናረጋግጥ።

እርባታ፦ ክፍት ኩሬውስ? ጨውና አልካላይን አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳትን ይቀንሳሉ። ይሄን የምናየው እዚያ ነው።

ውሃ ኬሚስትሪ፦ በኩሬ አልጌው ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲስብ ፒኤቹ ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። መቆጣጠሪያ ሳይኖረን ምኑን ከምኑ እንለያለን?

አስተባባሪ፦ በቃ፣ ኩሬው ከዚህ ዙር ይውጣ። የእሱ በጀት ፒኤች መቆጣጠሪያ ይግዛበት። ርዕሱንም «ጨውን፣ አልካላይነትንና ካርቦንን ለይቶ መፈተን» ብዬዋለሁ።

እርባታ፦ ቅር እያለኝም ቢሆን እሺ። ኩሬው በሁለተኛው ምዕራፍ እንዲመለስ ግን አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፤ እንዳትሰርዙት።