ዋርፋሪን ለሚወስዱ እናቴ የጎመን መጠን በጾምና በፍስክ እንዴት ይወሰን?

የ74 ዓመት እናቴ በልብ ምት መዛባት ምክንያት ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጎረቤት ስም ስለሚጠፋባቸውና የጀመሩትን ወሬ መሃል ላይ ስለሚረሱት፣ በምግብ በኩል ምን ላድርግላቸው እያልኩ ሳነብ ቆይቻለሁ። ቺካጎ የሚገኘው የረሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከተከታተሏቸው 960 አረጋውያን መካከል በየቀኑ ቅጠላ ቅጠል የሚመገቡት የማስታወስ አቅማቸው በዝግታ እንደሚቀንስ አይተዋል፤ ሉቲንና ኬምፕፌሮል የተባሉት የዕፅዋት ውህዶችም ከዚሁ ጋር ተያይዘዋል። ጥናቱ መንስኤውን ባያረጋግጥም፣ ጎመን ከጓሯችን የማይጠፋ በመሆኑ ተስፋ ሰጥቶኛል።

ችግሩ ያው ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የዋርፋሪንን ሥራ ማዳከሙ ነው። በሁዳዴ በየቀኑ ሲመገቡት የአይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ደም ቶሎ ይረጋል፣ ሲበዛ ይዘገያል) ውጤታቸው ወደ 1.6 ስለወረደ ሐኪማቸው መድኃኒቱን ከፍ አደረጉላቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ገበታው ወደ ሥጋና እንቁላል ሲዞር ግን ውጤቱ 4.1 ደረሰ፣ ጥርሳቸውን ሲፍቁም ድዳቸው ይደማ ጀመር። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካክለው፣ ጎመኑ እንደማይከለከል፣ ነገር ግን መጠኑ መለዋወጥ እንደሌለበት ነግረውናል። የእርድ እንክብል ደም መፍሰስን ሊያባብስ ስለሚችል ትተነዋል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ጾመኛ የምታክሙ ወይም የምታስታምሙ ሰዎች፣ በጾምም በፍስክም ሳይለዋወጥ የሚዘልቀውን የተቀቀለ ጎመን በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በየጊዜው ስንት ጭልፋ አድርጋችሁ ወሰናችሁት?