ክብሪት ድንጋይ ላይ ሲጫር ለምን አይነድም?

የማርታ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ሻማ ልለኩስ ስል የክብሪቱ ቀፎ ርሶ አገኘሁት። እንጨቶቹ ግን ደህና ነበሩ። ሲሚንቶ ላይ ጫርኩ፣ ድንጋይ ላይ ጫርኩ፤ አናቱ ተፈረፈረ እንጂ አልነደደም። ሌላ ቀፎ ፈልጌ አንድ ጊዜ ብጭረው ወዲያው ቦግ አለ። የ9 ዓመት ልጄ አጠገቤ ቆማ “እማዬ፣ እሳቱ ያለው እንጨቱ ላይ ነው ወይስ ቀፎው ላይ?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሰበቃ ሙቀት ይፈጥራል ከተባለ ድንጋዩ ምን ጎደለው?

የኬሚስትሪ መምህር፦
እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው። እሳቱ ለሁለት ተከፍሎ ነው የተቀመጠው። እንጨቱ አናት ላይ ፖታሲየም ክሎሬትና ድኝ በሙጫ ተለውሰው አሉ፤ ፎስፈረስ ግን የለም። ቀዩ ፎስፈረስ ከብርጭቆ ዱቄት ጋር ሆኖ ያለው ቀፎው ጎን ላይ፣ ያ ሻካራው መስመር ላይ ነው።

ስትጭሪ፣ ከቀዩ ፎስፈረስ ኢምንት ያህሉ በሰበቃው ሙቀት ወደ ነጭ ፎስፈረስ ይለወጣል። ነጩ ደግሞ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ አየር ካገኘ በራሱ የሚቀጣጠል ነው። ያቺ ብልጭታ ክሎሬቱን ታግለዋለች፤ ክሎሬቱ ሲፈርስ ኦክስጅን ይለቅቃል፤ ድኙም በዚያ ይነድዳል። መጀመሪያ ላይ ቭሽሽ ብሎ የሚንቦገቦገው ለዚህ ነው። የአየሩን ኦክስጅን ብቻ አይጠብቅም፣ ስንቁን ይዞ ነው የመጣው። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታም የተቃጠለው ድኝ ነው። ድንጋዩ ላይም ሲጫር ሙቀት ይፈጠራል፤ ግን ያቺን መለኮሻ ፎስፈረስ ስለሌለው፣ የእጅሽ ሰበቃ ብቻውን አናቱን ለማቀጣጠል አይበቃም። አናቱን ሻማ ነበልባል ውስጥ ብታስገቢው ግን ያለ ቀፎም ይነድዳል።

ስለ መከፈሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ቀድሞ ነጩ ፎስፈረስ አናቱ ላይ ነበር፤ የትም ቢጫር ይነድድ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች፣ ትነቱን እየሳቡ የመንጋጋ አጥንታቸው በሰበሰ። ስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ በ1844 እ.ኤ.አ. ቀዩን ፎስፈረስ ቀፎው ላይ አደረገው። ነጩን የሚከለክለው የበርን ስምምነት የመጣው ግን በ1906 ነው። ከ60 ዓመት በላይ! ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

እንጨት ሠሪው፦
መምህር ያላነሱት እንጨቱን ነው። የአናቱ እሳት ሁለት ሰከንድ እንኳ አይቆይም፤ እንጨቱ ፓራፊን ሰም ባይጠጣ ኖሮ ሳይያያዝ ይጠፋ ነበር። አሞኒየም ፎስፌትም ይነከራል፤ እፍ ሲሉት ፍም ይዞ እንዳይቆይ። ቀፎሽን በተመለከተ፣ ውሃ የነካው መስመር ሙጫው ላልቶ ይላጣል።

የማርታ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፣ አንተም ወንድሜ። ዛሬ መሳቢያ ውስጥ የቆየ ቀፎ አውጥተን በማጉያ መነጽር አየነው። መሃሉ ላይ መስመሩ ተገፍፎ ነጭ ካርቶኑ ይታያል። እዚያ ላይ አምስት እንጨት ጫርን፣ አንዱም አልነደደም። ልጄ ስድስተኛውን ወስዳ ጥጉ ላይ፣ ቡናማው ያልተነካበት ቦታ ላይ ጫረችው።

ነደደ።