ካይሉዋን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፓርክ፦ ከእናት ጋር ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ ነው የምማረው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ ታንግሻን ከተማ ወስጄ የድሮውን የካይሉዋን የከሰል ማዕድን ላሳያት አሰብኩ። ጉልበቷን ያማታል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ውሰዳት እንጂ! ሙዚየሙን ቀስ ብላችሁ እዩ፤ ከመሬት በታች ያለው ጉብኝት ግን ለጉልበቷ ይቅርባት። ማዕድኑ የተጀመረው በ1878 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን የገረመኝ ከሰሉ ሳይሆን ሐዲዱ ነው፤ ከሰሉን ለማጓጓዝ በ1881 ከታንግሻን እስከ ሹጌጁዋንግ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘረጉ። መጀመሪያ ፉርጎውን የሚጎትተው በቅሎ ነበር ይባላል፤ አስበው፣ በሐዲድ ላይ በቅሎ! የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ልክ እንደ አዲሱ የጅቡቲ ባቡራችን። ይህን ለእማማ ንገራት፣ ትስቃለች።

ሌላ መልስ፦ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨርም በወጣትነቱ የዚህ ማዕድን መሐንዲስ ነበር።

ሦስተኛ፦ የ1976ቱን (እ.ኤ.አ.) የታንግሻን የመሬት መንቀጥቀጥ አትርሱ። ከተማዋ ስትፈርስ ከመሬት በታች የነበሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ በሕይወት ወጡ፤ አምስቱ የተገኙት ከ15 ቀን በኋላ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ፓስፖርታችንን ይዘን በጠዋቱ ባቡር እንሄዳለን።