የሳንታ ሞኒካ ኤርፖርት ይዘጋ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማነሳው ክርክር ስለ ሳንታ ሞኒካ ኤርፖርት ነው። ሳንታ ሞኒካ ከሎስ አንጀለስ ጎን፣ ውቅያኖስ ዳር ያለች የ90,000 ሰው ገደማ ከተማ ናት። ኤርፖርቷ ግን የመቶ ዓመት ታሪክ አለው። በጃንዋሪ 2017 ከተማዋና የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር የዓመታት ክሳቸውን በስምምነት ጨረሱ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2028 በኋላ ከተማዋ ኤርፖርቱን መዝጋት ትችላለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ። ኤርፖርቱን ያሳደገው የዳግላስ አውሮፕላን ፋብሪካ ከለቀቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ትልልቆቹ የመንገደኛ አየር መንገዶች አይበሩበትም። የሚነሱትና የሚያርፉት የግል አውሮፕላኖች፣ በኪራይ የሚበሩ ቻርተሮችና የስልጠና በረራዎች ናቸው። ቦታው ወደ 92 ሄክታር ይሆናል። በጠባብ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል የሕዝብ መሬት ለጥቂት ሰው አገልግሎት ተይዞ መቅረቱ ልክ አይመስለኝም። እስቲ ሐሳባችሁን ስጡ።

የበረራ ተማሪው፦
እህቴ፣ “ለጥቂት ሰው” ያልሽው አልተዋጠልኝም። አብራሪ ከሰማይ አይወርድም። ትልልቁን አውሮፕላን የሚያበርረው ሰው ትምህርቱን የጀመረው እንዲህ ባለ ትንሽ ኤርፖርት፣ በሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ነው። አንዱን በዘጋን ቁጥር በረራው አይጠፋም። በአካባቢው ወዳሉት ሌሎች ኤርፖርቶች፣ ወደ ቫን ናይስና ወደ ሃውቶርን ይሄዳል። ጫጫታውም አብሮት ይሄዳል፣ እዚያም ሰው ይኖራል።

ደግሞ ማን ቀደመ? ኤርፖርቱ አይደል? አጠገቡ ቤት የገዛ ሰው አውሮፕላኑን እያየ ነው የገዛው።

መምህሩ፦
ልጄ፣ መቅደሙንስ ቀድሟል። ግን ቤቶቹ ለምን እዚያ እንደተሠሩ ካልተናገርን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

ሜዳው በ1923 ክሎቨር ፊልድ ተባለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የሞተ የአካባቢው ልጅ፣ የአብራሪ ግሬየር ክሎቨር መታሰቢያ ነው። በዚያው ጊዜ ዶናልድ ዳግላስ ከተማዋ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በ1924 እሱ የሠራቸው አራት አውሮፕላኖች ዓለምን ለመዞር ከሲያትል ተነሡ። ሁለቱ ከ175 ቀን በኋላ ዞረው ተመለሱ። ከዚያ በፊት ዓለምን በአውሮፕላን የዞረ ሰው አልነበረም። በ1929 ደግሞ ወደ 20 የሚሆኑ ሴት አብራሪዎች ከዚሁ ሜዳ ተነሥተው እስከ ክሊቭላንድ ተወዳደሩ። አሚሊያ ኤርሃርት አንዷ ነበረች፤ ያሸነፈችው ግን ሉዊዝ ቴደን ናት። ዲሲ-3 የተባለው የዳግላስ የመንገደኛ አውሮፕላንም በዲሴምበር 17 ቀን 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ከዚህ ነው። ከወታደራዊው ዓይነት ጋር ከ10,000 በላይ ተመርቷል። የኛም አየር መንገድ በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ፋብሪካው ከ40,000 በላይ ሠራተኛ ቀጠረ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የጃፓን አውሮፕላን ይመጣል ተብሎ ስለተፈራ ፋብሪካውን በሙሉ ሸፈኑት። በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የዶሮ ሽቦ ወጠሩ። በሽቦው ላይ ከቀላል እንጨትና ከሸራ የውሸት ቤቶች ሠሩ። ዛፎቹ የሽቦ ነበሩ፣ ቅጠላቸውም ቀለም የተቀባ የዶሮ ላባ። ከላይ ለሚያይ ሰው ተራ ሰፈር ነው የሚመስለው። የአሜሪካ አብራሪዎች ራሳቸው እንኳ ሜዳውን ለማግኘት ይቸገሩ ነበር ይባላል።

እውነተኛዎቹ ቤቶች የመጡት ለእነዚያ ሠራተኞች ነው። ሰንሴት ፓርክ የሚባለው ሰፈር የፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ስለዚህ “ማን ቀደመ” ብለን ሰፈሩን ከኤርፖርቱ ጋር ባላጋራ ማድረጉ አያዋጣም። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ከዚያ በኋላ የሆነውንም እኔ ልጨምር። የጄት ዘመን ሲመጣ ዳግላስ ለዲሲ-8 ረጅም መንደርደሪያ ፈለገ። ለዚያ ደግሞ ብዙ ቤት መፍረስ ነበረበት። ከተማዋ እምቢ አለች። ዲሲ-8 ሎንግ ቢች ውስጥ ተሠራ፣ በ1975 የሳንታ ሞኒካው ፋብሪካ ጨርሶ ተዘጋ። ከተማዋ ከፋብሪካውና ከቤቶቹ እንድትመርጥ ተጠይቃ ቤቶቹን የመረጠችው ያኔ ነው። አሁን የቀረው ያንኑ ምርጫ መጨረስ ነው።

የበረራ ተማሪው፦
ምርጫ ብቻ አይደለም፣ ውልም አለ። በጦርነቱ ጊዜ የፌደራል መንግሥት ሜዳውን ተከራይቶ አስፋፍቶታል። በ1948 ሲመልስ ኤርፖርት ሆኖ እንዲቀጥል ብሎ ነው የመለሰው። ውሉ ማብቂያ የለውም የሚል ክርክር ለዓመታት ተካሂዷል። የተሰጠህን ስትወስድ ግዴታውንም ትወስዳለህ።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
ወንድሜ፣ ያንን ክርክር ያነሣው ራሱ የፌደራል መንግሥት ነው። በ2017 ተስማምቶ የተወውም ራሱ ነው። ውሉን የተዋዋለው ወገን “በቃኝ” ካለ እኛ ስለሱ ሆነን የምንከራከርበት ምክንያት አይታየኝም።

የጤና ባለሙያው፦
ስለ ታሪኩ ብዙ ተባለ፤ ስለ አየሩ ግን እስካሁን ማንም አላነሳም።

ትንንሾቹ የፒስተን አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ቤንዚን ዛሬም እርሳስ አለበት። የሚጻፍበትን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ነው የምላችሁ። በአንድ ሊትር ውስጥ እስከ ግማሽ ግራም ገደማ ይገባል። ለመኪና እንዲህ ያለ ነዳጅ አሜሪካ ውስጥ በ1996 ሙሉ በሙሉ ታግዷል። ለአውሮፕላን ግን ቀጠለ። በኦክቶበር 2023 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ራሱ ይህ ልቀት ለሕዝብ ጤና አስጊ ነው ብሎ ወስኗል። የሕፃን አንጎል ሲጎዳ ደግሞ በኋላ የሚጠገን ነገር አይደለም።

የኤርፖርቱን አቀማመጥም ተመልከቱ። አውሮፕላኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ተራ የሚጠብቁት በምሥራቁ ጫፍ፣ ሞተራቸው እየሠራ ነው። እዚያ ያሉት ቤቶች ከአጥሩ ብዙ አይርቁም። በር የከፈተ ሁሉ ያንን ጭስ ይስባል።

የበረራ ተማሪው፦
እርሳሱ መጥፎ ነው፣ በዚህ አልሟገትም። ግን ጥፋቱ የነዳጁ ነው። ነዳጁ ይቀየር! እርሳስ የሌለው ቤንዚን በ2022 የአቪዬሽን አስተዳደሩ ለፒስተን አውሮፕላኖች ፈቅዷል። ሳን ሆሴ ያለው ሪድ-ሂልቪው ኤርፖርት ከዚያው ዓመት ጀምሮ እርሳስ ያለበትን መሸጥ አቁሟል። ኤርፖርቱ ግን ሥራ ላይ ነው።

የጤና ባለሙያው፦
ይቀየር፣ ደስ ይለኛል። ነገ ቢቀየር ግን አደጋው ይቀራል። በሴፕቴምበር 2013 አንድ ትንሽ ጄት ካረፈ በኋላ ከመንደርደሪያው ወጥቶ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ውስጥ ገባ። ጄቱ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ሞቱ። በማርች 2015 ደግሞ የተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ አውሮፕላን ተነሥቶ ሞተሩ ጠፋና ጎልፍ ሜዳ ላይ ወደቀ። ጎልፍ ሜዳው ባይኖር የሚወድቅበት ሌላው ነገር ጣሪያ ነበር።

ፕላነሯ፦
እኔም ይዘጋ ባይ ነኝ። ጥያቄዬ ለማን ነው የሚዘጋው የሚል ነው።

በኖቬምበር 2014 ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች ለድምፅ ቀረቡ። አንዱ በአቪዬሽን ወገን የተደገፈው ነበር፤ ወደቀ። ያለፈው “ኤል.ሲ.” የተባለው ነው፣ 60 በመቶ ገደማ አግኝቶ። እሱ እንደሚለው ኤርፖርቱ ከተዘጋ ቦታው ለፓርክ፣ ለክፍት ቦታና ለመዝናኛ ብቻ ይውላል። ሌላ ነገር ለመሥራት እንደገና ሕዝብ ድምፅ መስጠት አለበት።

በሌላ በኩል ከተማዋ እስከ 2029 ድረስ ለ8,895 አዳዲስ ቤቶች ቦታ እንድታዘጋጅ ግዴታ አለባት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት መከራየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አስተማሪውና ነርሷ የሚሠሩባት ከተማ ውስጥ መኖር አልቻሉም። 92 ሄክታሩን በሙሉ ሣር ብናደርገው በአጥሩ ዙሪያ ቤት ያላቸው ሰዎች ቤታቸው ይወደዳል፣ ሌላው ግን በሩቅ ሆኖ ያያል። ሩቡን እንኳ ለተመጣጣኝ ኪራይ ቤት እናውለው እላለሁ።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
የኔ እመቤት፣ ሐሳብሽ ልቤን ይነካል። ግን ሕዝቡ ድምፁን የሰጠው “ፓርክ ይሆናል” ተብሎ ነው። ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ የሚፈራው መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ነጋዴ ይሰጣል ብሎ ነበር። የበርሊኑን ቴምፐልሆፍ ኤርፖርት አስቢ። በ2008 ተዘጋ፣ ፓርክ ሆነ። በ2014 ከተማው ዳር ዳሩ ላይ ቤት ልሥራ ሲል ሕዝቡ በድምፅ ከለከለው። ቤት ስለጠላ አይመስለኝም። አንዴ የተወሰደ ሜዳ እንደማይመለስ ስላወቀ ነው።

ፕላነሯ፦
ታዲያ እንደገና ይጠየቅ። ያኔም የከለከለው ሕዝብ ነው፣ አሁንም የሚፈቅደው ሕዝብ ነው። መጠየቁን ምን አስፈራን?

የበረራ ተማሪው፦
የቺካጎውን ሜግስ ፊልድ ያነሣ የለም? በማርች 2003 ከንቲባ ዴሊ በሌሊት ቡልዶዘር ልከው መንደርደሪያውን በትልልቅ የኤክስ ምልክት አስቆፈሩት። አብራሪዎች ጠዋት ሲመጡ ነው ያወቁት። አውሮፕላኖች ሜዳው ላይ ታግተው ቀሩ። በኋላ ከተማዋ ተቀጣች፣ ኤርፖርቱ ግን አልተመለሰም። የፈራሁት እንዲህ ያለውን ነው።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
እሱ ነውር ነበር፤ ማንም እዚህ አይደግፈውም። ሳንታ ሞኒካ ግን በአደባባይ ድምፅ ሰጥታ፣ ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ጊዜ ሰጥታ ነው የምትሄደው። መንደርደሪያውም በ2017 መጨረሻ ከ1,516 ሜትር ወደ 1,067 ሜትር አጥሯል፤ ትልልቆቹ ጄቶች ከዚያ ወዲህ ማረፍ አይችሉም።

መምህሩ፦
አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ጭሱ የሚደርሰው የምሥራቁ ጫፍ የሎስ አንጀለስ መሬት ነው። አውሮፕላኑ ተነሥቶ የሚያልፍበት ቬኒስም ሎስ አንጀለስ ነው። በ2014 ድምፅ የሰጠው ግን የሳንታ ሞኒካ ነዋሪ ብቻ ነው። ስለ ፓርኩም ሆነ ስለ ቤቱ ሲወሰን እነዚያ ጎረቤቶች ምን ድርሻ አላቸው?

ፕላነሯ፦
በሕግ የላቸውም። ግን የፓርኩ በር በየት በኩል እንደሚከፈት ሲነደፍ ከተማዋ ልትጠራቸው ትችላለች። የምሥራቁ በር ክፍት ከሆነ በዚያ በኩል ያለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር፣ የማር ቪስታ ልጆች በእግር ይገባሉ።

የበረራ ተማሪው፦
የበረራ ትምህርት ቤቶቹስ? ሃውቶርን ይሂዱ ካላችሁ ማን ቦታ ይሰጣቸዋል፣ ኪራዩንስ ማን ይችለዋል? ይህ ካልተመለሰ እኔ “ይዘጋ” አልልም።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተማዋ ከመዝጋቷ በፊት ለተከራዮቹ ሁሉ፣ ለትምህርት ቤቶቹም በሃንጋሮቹ ውስጥ ለሚሠሩት ሠዓሊዎችም፣ በቂ ማስታወቂያና የመዛወሪያ ገንዘብ ትስጥ እላለሁ። የመምህርን ዲሲ-3 ደግሞ ማንም አይንካብን፤ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ እዚያው ይቆይ።