ካልኩሌተሩ አብዷል፣ ነገ ጠዋት ፈተና አለ! አሁን ክፍት ሱቅ የት አለ?

የአራት ኪሎዋ (ምሽት 2:47)
በናታችሁ ቶሎ የሚያውቅ ሰው ይድረስልኝ። ታናሽ ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነው፣ ነገ ጠዋት 2:30 ላይ የሒሳብ ፈተና አለው። ካልኩሌተሩ ደግሞ ዛሬ ማታ አብዶ አረፈው። ጥያቄው ቀላል ነው። 6 ሜትር መሰላል ግድግዳ ተደግፎ ከወለሉ ጋር 60 ዲግሪ ይሠራል፣ ጫፉ ስንት ሜትር ላይ ያርፋል? መጽሐፉ 5.2 ይላል፣ የኛ ማሽን −1.83። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፣ ያው ነው። ኳድራቲኩም መልሱ አይመጣም፣ የደመወዝ ግብር የምትለዋ ጥያቄም አልገጥም አለች። በቃ ሁሉ ነገሩ ሄዷል። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ አካባቢ በዚህ ሰዓት ካልኩሌተር የሚሸጥ ክፍት ሱቅ የምታውቁ? ልጁ ሊያለቅስ ነው፣ እኔም ልከተለው ነው።

ቆራሌው (2:49)
የተበላሸ ካልኩሌተር በ100 ብር እገዛለሁ። ቤት ድረስ እመጣለሁ።

ኤልሲ የፒያሳ (2:50)
የቱን ፒያሳ ነው የምትይው እህቴ? እኔ የማውቃቸው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የት እንደገቡ አላውቅም። አሁን ብትሄጂ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ነው የምታገኚው። ለመናፈስ ከሆነ ጥሩ ነው።

ባለድንጋዩ (2:51)
ድንጋዩን ቀይሪለት። የኔም ድንጋዩ ሲደክም እንዲህ ይቀባጥር ነበር።

ቤካ 5 ኪሎ (2:54)
ቆይ፣ ሱቅ ፍለጋ አትውጪ። መሰላሉን 6 ሲባዛ ሳይን 60 ብላችሁ ነው የምታሰሉት አይደል? መጀመሪያ ሳይን 30 አስገቢና የሚለውን ንገሪኝ። 0.5 ካለ ማሽኑ በዲግሪ ነው፣ ጤነኛ ነው። −0.988 ካለ ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነው። 0.454 ካለ ደግሞ ግራዲያን በሚባለው ሦስተኛው መለኪያ ላይ ነው። የማሽኑንም ዓይነት ጻፊ።

የአራት ኪሎዋ (2:56)
−0.988031624 ይላል!! ዓይነቱ ካሲዮ ነው።

ቤካ 5 ኪሎ (2:58)
ካሲዮ መሆኑንማ ገምቼ ነበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ያለ ይመስል 😂 ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና ፊደል ነው የጠየቅኩሽ። ለማንኛውም ማሽኑ አልተበላሸም፣ ራዲያን ላይ ነው ያለው። 60 ስትይው 60 ዲግሪ መሆኑን አያውቅም፣ 60 ራዲያን ብሎ ነው የወሰደው። አንድ ራዲያን ወደ 57.3 ዲግሪ ነው። ስለዚህ መሰላልሽን ዘጠኝ ሙሉ ዙር አሽከረከረው፣ ከዚያ ግማሽ ዙር አልፎ ትንሽ ሲጨምር ከወለሉ በታች ሆነ። ኔጌቲቩ የመጣው ከዚያ ነው።

ቆራሌው (2:59)
መሰላሉ ቤዝመንት ገብቷል በይዋ። በ120 እወስደዋለሁ፣ መሰላሉንም ጨምሮ።

ፍቅርተ (2:59)
ሺፍት፣ ሞድ፣ 3። አለቀ።

ጋሽ ሎጋሪዝም (3:03)
ልጆች፣ ስለ ቁልፍ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኛ ምኒልክ ትምህርት ቤት ስንማር የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ነበር መሣሪያችን፤ ስላይድ ሩል፣ ያቺ እየተንሸራተተች የምታሰላው ማስመሪያ፣ ያለው ልጅ እንደ ልዑል ይታይ ነበር። የዛሬ ልጅ ማሽኑ −1.83 ሲለው «ማሽኑ ተበላሸ» ይላል እንጂ «መሰላል እንዴት ኔጌቲቭ ቁመት ይኖረዋል» ብሎ ራሱን አይጠይቅም። 6 ሜትር መሰላል የቱንም ያህል ቢቆም ከ6 በላይ አይወጣም፣ ከ0 በታችም አይወርድም። 60 ዲግሪ ደግሞ ወደ ቀጥታው ያደላ ነውና መልሱ ወደ 6 የቀረበ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ድንጋይም ፀሐይም አያስፈልግም። ከፈለጋችሁ ደግሞ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ትሪያንግል ሥላችሁ መሐል ለመሐል ክፈሉት፤ ግማሹ 30፣ 60 እና 90 ዲግሪ ይሆናል፤ ጎኖቹም 1፣ ስኩዌር ሩት 3 እና 2። የመሰላሉ መልስ 3 ሲባዛ ስኩዌር ሩት 3 ነው፣ ያውም 5.196። ይህን ያላወቀ ልጅ ነገ ካልኩሌተር ቢይዝም ባይዝም ያው ነው።

የአራት ኪሎዋ (3:05)
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ልጁ አሁን ራሱን እንዲጠይቅ ጊዜ የለውም፣ በ4 ሰዓት እንዲተኛ እናታችን አዝዛለች። ፍቅርተ፣ ሺፍት ሞድ ስል «ኤምሲኤል፣ ሞድ፣ ኦል» የሚል ነገር አወጣ፣ ከሥሩ 1፣ 2፣ 3 ይላል። 3ን ልጫን? እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ሚኪ ሽሮሜዳ (3:05)
ሺፍት ሞድ 3 ነው እህት፣ አትፍሪ።

ባለድንጋዩ (3:06)
ድንጋዩንስ ሞከርሽ?

ቤካ 5 ኪሎ (3:08)
ሚኪ፣ እሷ ጋ የወጣው ሌላ ነገር ነው፣ አንብብ እንጂ። እህት፣ ማሽንሽ ኤምኤስ የሚባለው አሮጌው ዓይነት ነው። እሱ ላይ ሺፍት ሞድ ማለት ማጽጃ ነው፤ 3 ብለሽ የእኩል ይሆናል ምልክቱን ብትጫኚ ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፣ ዲግሪ ላይም ይመለሳል። ሚሞሪ ላይ ያስቀመጣችሁት ነገር ካለ ግን ይጠፋል። ፍቅርተ ያለችው ኢኤስ ለሚባለው ነው፤ እዚያ ሺፍት፣ ሞድ፣ 3 በቀጥታ ዲግሪ ማለት ነው። በአጋጣሚ ሁለቱም መንገድ ዲግሪ ላይ ያደርሳል፣ ሰው ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግመውም ለዚህ ይመስለኛል።
ምንም ሳይጠፋ ማስተካከል ከፈለግሽ ደግሞ ኤሲን ተጫኚ፣ ከዚያ ሞድን ሁለቴ፤ ዲግ፣ ራድ፣ ግራ የሚል ሲመጣ 1። የማሽኑ ቁጥር 570 ወይም 991 ከሆነ ሁለቴ አይበቃውም፣ እሱ ዝርዝር እስኪመጣ ድረስ ሞድን ደጋግሚ። ሲስተካከል ስክሪኑ አናት ላይ ትንሽ ዲ ትታያለች። አር (ራዲያን) ወይም ጂ (ግራዲያን) ካየሽ ገና ነው።

የአራት ኪሎዋ (3:11)
5.196152423!!! ቤካ ኑርልኝ። ልጁ ጮኸ፣ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ አንኳኳ። አሁን ትዝ አለኝ፣ ከሰዓት ትንሿ እህታችን ስልክ ስልክ ስትጫወትበት ነበር። ኳድራቲኩ ግን አሁንም እንዳበደ ነው። 2ኤክስ² − 3ኤክስ − 5 = 0። መልሱ 2.5 እና −1 ነው ይላል መጽሐፉ፣ እኛ ከስኩዌር ሩቱ ሥር 31 እያገኘን ነው።

ፍቅርተ (3:13)
ስልክ ስትጫወት ነበር የሚለውን መጀመሪያ ብትነግሪን ሃያ ደቂቃ ይተርፈን ነበር 😅 ኳድራቲኩ ላይ ማሽኑ ንጹሕ ነው። ከስኩዌር ሩቱ ሥር ያለው ቢ ስኩዌር ሲቀነስ 4 ሲባዛ ኤ ሲባዛ ሲ ነው፤ ኤ 2፣ ሲ −5 ስለሆነ ሁለተኛው ክፍል 40 ይደምራል። ቢ −3 ነው አይደል? ኔጌቲቭ 3 ስኩዌር ብላችሁ ያለ ቅንፍ ስትጽፉ 3ን ብቻ ስኩዌር ያደርግና ኔጌቲቩን ከውጭ ያስቀራል፣ −9 ይሆናል። −9 ሲደመር 40፣ 31። ኔጌቲቭ 3ን በቅንፍ አድርጉና ከቅንፉ ውጭ ስኩዌር በሉት፤ 9 ሲደመር 40፣ 49። ስኩዌር ሩቱ 7። 3 ሲደመር 7 ለ4 ሲካፈል 2.5፣ 3 ሲቀነስ 7 ለ4 ሲካፈል −1። እኔ ራሴ አንድ ሚድ ወድቄበታለሁ በዚህች ቅንፍ።

ናትናኤል (3:15)
ይቅርታ ግን ነገሩ ሁሉ ከመነሻው ልክ አይመስለኝም። ካልኩሌተር ፈተና ላይ ይፈቀዳል? እኛ 12ኛ ክፍል ስንፈተን ይዘን አልገባንም። ልጁ ማሽን ላይ ተንጠልጥሎ አድጎ ያን ቀን ምን ሊሆን ነው? በጣት የሚሠራውን አስተምሪው። 0፣ 30፣ 45፣ 60፣ 90። የግራ እጅህን አምስት ጣት ለአምስቱ ስጥ፣ ከ0 እስከ 4 ቁጠር፣ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ለ2 አካፍል፣ ሳይን ነው። 60 አራተኛው ጣት ነው፣ ቁጥሩ 3፣ ስኩዌር ሩት 3 በ2። ኮሳይን ከሆነ ከሌላኛው ጫፍ ቁጠር።

የአራት ኪሎዋ (3:17)
አስተማሪው ፈቅዷል። ባይፈቅድ ኖሮ በዚህ ሰዓት ፒያሳ ምን ልሠራ ነበር? የጣቷን ግን ጽፎ ያዛት።

ጋሽ ሎጋሪዝም (3:18)
ናትናኤል እውነት ተናገረ። እኔ በዘመኔ...

ሚኪ ሽሮሜዳ (3:18)
ጋሼ ይቅርብን፣ ልጁ በ4 ሰዓት ሊተኛ ነው 🙏

ፔሮል ላይ ነኝ (3:22)
የግብሯን ጥያቄ ሁሉም ዘለላት፣ እሷ የኔ እንጀራ ናት። ሙሉውን ጻፊው።

የአራት ኪሎዋ (3:24)
«የወር ደመወዙ 8,500 ብር የሆነ ሠራተኛ ስንት የደመወዝ ግብር ይከፍላል?» መጽሐፉ 1,595 ይላል። እኛ 2,550። ያንኳኳው ጎረቤታችን ደግሞ ገብቶ ቁጭ ብሎ 1,275 አለን። ሦስት ሰው ሦስት መልስ።

ፔሮል ላይ ነኝ (3:31)
ጎረቤታችሁ ደመወዝ በደንብ የሚቆጥር ሰው ነው። ሦስቱ ከየት እንደመጡ ልንገርሽ።
2,550 የሚገኘው 8,500ን በሙሉ በ30 በመቶ ስትመቺው ነው። ይሄ በየትኛውም ዓመት ስሕተት ነው። ግብር በእርከን ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ ምጣኔ የራሱን ቁራጭ ብቻ ይነካል። አንዳንድ ሰው «እርከን እንዳልሻገር ጭማሪው ይቅርብኝ» ሲል እሰማለሁ፣ የዚሁ ስሕተት ዘመድ ነው።
1,595 በአዋጅ 979/2008 ሠንጠረዥ ነው። የመጀመሪያው 600 ብር ነፃ፤ ቀጥሎ 1,050 በ10 በመቶ 105፤ 1,550 በ15 በመቶ 232.50፤ 2,050 በ20 በመቶ 410፤ 2,550 በ25 በመቶ 637.50፤ የቀረው 700 በ30 በመቶ 210። ደምሪው። በአቋራጭ 8,500 በ30 በመቶ ሲቀነስ 955 ነው።
1,275 ከሐምሌ 2017 ወዲህ ያለው ነው። 2,000 ብር ነፃ ሆነ፤ ቀጥሎ 2,000 በ15 በመቶ 300፤ 3,000 በ20 በመቶ 600፤ የቀረው 1,500 በ25 በመቶ 375። መጽሐፉ አልተሳሳተም፣ ከመሻሻሉ በፊት ታትሞ ነው። ፈተናው ላይ ሠንጠረዥ ከተሰጠ በተሰጠው ይሥራ። ካልተሰጠ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ፣ የ320 ብር ልዩነት ነው። ጡረታዋን 7 በመቶ፣ 595 ብር፣ ከግብሩ ጋር እንዳይደባልቃት፤ የተጣራ ደመወዝ ከተባለ ብቻ ሁለቱንም ይቀንስ።

የአራት ኪሎዋ (3:36)
እኔ ራሴ ስንት ዓመት ደመወዝ ስበላ እርከን ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። አስተኛዋለሁ። ነገ ምን እንዳመጣ እነግራችኋለሁ፣ ቃሌ ነው።

ባለድንጋዩ (3:40)
ድንጋዩ ግን አዲስ ነበር?

ቤካ 5 ኪሎ (በማግስቱ፣ ከሰዓት 10:15)
እህት፣ ልጁ እንዴት ሆነ?

ፔሮል ላይ ነኝ (በማግስቱ፣ ምሽት 1:02)
በተለይ ግብሯ። በየትኛው ሠንጠረዥ ነበር የመጣችው?

ሰላም ለገሃር (ከሦስት ቀን በኋላ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የኔ አናቱ ላይ ጂ ይላል፣ ተበላሽቶ ነው?

ሚኪ ሽሮሜዳ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ሺፍት ሞድ 3።

ቤካ 5 ኪሎ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ሰላም፣ ከላይ አንብቢ። ሚኪ፣ አንተም።

ቆራሌው (ከሦስት ቀን በኋላ)
ጂ ያለበትን በ80 እወስዳለሁ። ልዋጭም አለን፣ ሳፋ ወይም የሻይ ብርጭቆ።