በጀልባ ጎን ላይ የተጋገረ የጭስ ጥቀርሻ በምን ይለቃል?

የጣናው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ክብራን ገብርኤል እንግዳ የምታመላልስ ነጭ የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ ናፍጣ ነው። ጭስ ማውጫው ከኋላ በግራ በኩል ነው የሚወጣው። ከሱ ሥር እስከ ውሃው ድረስ ጥቀርሻ ተጋግሯል፤ ጥቁሩ የሳሳበት ቦታ ደግሞ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቢጫ ሆኗል። በኦሞ ስናሸው ላይ ላዩ ይነሳል፣ ቢጫው ግን ንቅንቅ አይልም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በሽቦ ብሩሽ እንፋቀው፣ በረኪናም እንጨምርበት ይላል። ለጥምቀት ሰሞን እንግዳ ስለሚበዛ ከዚያ በፊት ባጸዳት ደስ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀለም ቀቢ፦ ወንድሜ፣ የሽቦ ብሩሹን ከእጁ ተቀበለው! ፋይበር ላይ የሚያብረቀርቀው ስስ ሽፋን ጄልኮት ይባላል። እሱ ከተጫረ ጥቀርሻው በየጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው። የብረት ሱፍም ያው ነው፤ ስብርባሪው እዚያው ቀርቶ ይዝጋል።

ከሜሪላንድ፦ እኔ አሜሪካ፣ ቼሳፒክ የሚባል የባሕር ወሽመጥ ላይ ጀልባ በሚቆምበት ቦታ ነው የምሠራው፤ ይሄ የዕለት ሥራችን ነው። ያለብህ ሁለት ዓይነት እድፍ ስለሆነ መድኃኒቱም ሁለት ነው። ጥቁሩ ካርቦንና ቅባት ነው፣ አሲድ ምንም አያደርገውም። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ስፖንጅ ከታች ወደ ላይ እሸው። ከላይ ከጀመርክ የሚወርደው ቆሻሻ ደረቁ ቦታ ላይ መስመር ያወጣል።

ቢጫው የሚለቀው በኦክሳሊክ አሲድ ነው። ዱቄቱን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በውሃ በጥብጥ። ጨርቅ ነክረህ ጎኗ ላይ ለጥፈው፣ አለበለዚያ ፈስሶ ያልቃል። 10 ደቂቃ ያህል ቆይተህ፣ ሳይደርቅ፣ በብዙ ውሃ እጠበው። ጥላ ውስጥ ሥራ፤ ጓንትና መነጽር አይቅር። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክረው፤ አሉሚኒየምና ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት አታስነካው። በረኪና ደግሞ በፍጹም! ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፣ ሳንባ ያቃጥላል።

የጣናው፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሲዱን ካጣሁ ሎሚ አይሆንም?

ከሜሪላንድ፦ ለቀላል ቢጫ ይሆናል፤ ደጋግመህ መቀባት አለብህ እንጂ። የቆየውን ግን አይችለውም። ኬሚካል መሸጫ ጠይቅ፣ እንጨት ለማንጣትም ስለሚጠቀሙበት አይጠፋም።

የናፍጣ መካኒክ፦ ማጠቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሞተሩ ካልታየ ወሩ ሳይሞላ ተመልሶ ይጠቁራል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። እዚያ የአየር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከሆነ፣ በተለይ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር፣ በደህናው ቀንም ያጨሳል። የሚያውቅ ሰው ፖምፓው የሚልከውን ናፍጣ ይቀንስልህ።

ከዚያ በፊት ግን ቀላሉን እይ። የአየር ፊልትሮው ታፍኖ ይሆናል። ኖዝሉ ናፍጣውን በመርጨት ፈንታ ያንጠባጥብ ይሆናል። ከሥሯ አልጌ ከያዛት ወይም ሰው ከልክ በላይ ከተጫነባትም ሞተሩ ተጨንቆ ያጨሳል። አንድ ነገር ሞክር፦ ጥቀርሻውን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። እንደ ከሰል ደረቅ ከሆነ ጉዳዩ የናፍጣና የአየር ነው። የሚያዳልጥ ቅባት ካለውና ጭሱም ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ዘይት እየበላ ነውና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይታይ።

ከጎርጎራ፦ አደራ፣ ሐይቁ ላይ እንዳለች እንዳታጥባት። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የባዮስፌር (የተፈጥሮ) ጥብቅ ቦታ ብሎ የመዘገበው ነው፤ ዳር ዳሩን፣ ደንገሉ ሥር የሚራባ ዓሣም አለ። ወደ የብስ አውጣትና ከውሃው ራቅ አድርገህ እጠብ። የአሲዱን እጣቢ በባልዲ ተቀብለህ አረፋው እስኪቆም ቤኪንግ ሶዳ ጨምርበት።

የጣናው፦ ምክራችሁን ይዤ ጀልባዋን አወጣኋት። ጨርቁ ላይ የወጣው ደረቅ ጥቁር ነው። የአየር ፊልትሮው ደግሞ በአቧራ ተደፍኖ ነው ያገኘሁት፣ ቀይሬዋለሁ። አሲዱ በሞከርኩበት ቦታ ቢጫውን አንስቶታል፤ ግን ቦታው ደብዝዞ ቀረ። ይሄስ ምን ይደረጋል?

ቀለም ቀቢ፦ ድሮም ፀሐይ የበላው ነው፣ እድፉ ሸፍኖት እንጂ። የመኪና ኮምፓውንድ (ቀለም የሚያበራ ማሻሻ ቅባት) በለስላሳ ጨርቅ ቀብተህ እስኪያበራ እሸው፣ ከዚያ ሰም ደርብበት። ጭስ ማውጫው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ቀባ። ሰም ያለበት ላይ ያረፈ ጥቀርሻ ሳይከርም በሳሙና ብቻ ይነሳል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እንግዳ ስታወርዱ ልጁ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው።

የጣናው፦ እሺ፣ ኮምፓውንዱን ነገ እገዛለሁ። ፖምፓ የሚያስተካክል ጎበዝ ባለሙያ ባሕር ዳር የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።